የፊታውራሪ ልሳነወርቅ ጥንድ ሽጉጦች

ዋሽንግተን ዙሪያ የትኛውም የሐበሻ ሰፈር ውስጥ አንድ ብርቅ ዕቃ ያለው አንድ ሰው አይጠፋም። ዕቃውን ሳያሳይ እንግዳ ከቤቱ አያስወጣም። አርሊንግተን ያሉት ሰውዬ የአውሮፕላን መሪ አላቸው። ሮክቪል ያሉት ደግሞ ማንም እንዲነካባቸው የማይፈልጉት የመርከብ ሰዓት። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን በዚህ ረገድ ማንንም አይፈራም፤ ክቡር ፊታውራሪ ልሳነወርቅ አሉት።

ፊታውራሪነቱን የሰጣቸው ቤተ መንግሥት አይደለም። ኤርፖርት ሃያ ስድስት ዓመት አብረዋቸው ሻትል የነዱ ጓደኞቻቸው ናቸው። እሳቸውም ሹመቱን ያለ ተቃውሞ ተቀብለዋል። ጦራቸው ሁለት ሽጉጥ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የተሠሩ፣ በባልጩት ፍንጣሪ ባሩድ የሚለኩሱ፣ የተጣሉ መኳንንት ማልደው ተቀጣጥረው ይታኮሱባቸው የነበሩ። አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ትይዩ ተኝተዋል።

የቤቱ ወዳጅ የምስራች ይህን ሣጥን አሥራ ሰባት ጊዜ አይታዋለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመዛግብት ኃላፊ ስለሆነች ሳትፈልግም ትቆጥራለች። ሥነ ሥርዓቱ አይለወጥም። መጀመሪያ ነጭ ጓንት ይታደላል። ቀጥሎ "ቀስ ብለሽ ያዢው፤ ዕድሜው ከአሜሪካ ብዙም አያንስም" ይባላል። ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። በርሜሉ ቡናማ የተቀባው ፀሐይ ሲያርፍበት እንዳያብረቀርቅ ነው። ሁለቱ እኩል የሚመዝኑት አንዱ ተታኳሽ እንዳይበደል ነው። "ነጠላውማ የትም አለ" ይላሉ ፊታውራሪ ጣታቸውን አንስተው፤ "ቁም ነገሩ ጥንዱ ነው።" ፍሪጅ ሊያደርስ የመጣ ሰው ሳይቀር ጓንት አጥልቆ በእንግሊዝኛ ተምሯል።

አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ፣ "ሰው ተሰደብኩ ብሎ ቀጠሮ ይዞ ይታኮሳል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ስመኝ ከኩሽና ሆነው መለሱለት። "የእኛ ዕድር በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ ቀባሪ አይተርፍም ነበር።"

የካቲት ላይ የምስራች ባሏን ጊዲዮንን ቀበረች። በሦስተኛው ቀን ፊታውራሪ ሣጥኑን ታቅፈው ለቅሶ ቤት ገቡ። አክስቷ ዓባይነሽ፣ "ለቅሶ ቤት መሣሪያ ይዞ መግባት የየት አገር ወግ ነው?" ብለው አጉረመረሙ። ፊታውራሪ ግን "እግዜር ያጽናሽ" ብለው አጠገቧ ተቀመጡና መምቻው ባልጩቱን እንዴት እንደሚነክስ፣ ምላጩ ስንት ክብደት ሲያርፍበት እንደሚለቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዷት። በዚያ ሳምንት ጊዲዮን ስለተኛበት ሆስፒታል ያልጠየቃት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ በፀደይ ደውለው "የምስራች፣ ክለቡ አፕሩቭ አደረገኝ" ሲሏት እምቢ ማለት አልቻለችም። አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢዎች ክለብ በዓመት አንድ ቅዳሜ የአባላቱን ዕቃ ለሕዝብ ያሳያል። ፊታውራሪ ዘጠኝ ዓመት ሲያመለክቱ ኖረው በመጨረሻ የጥንዶች ጠረጴዛ ላይ ቦታ አገኙ። የቀረው ስለ ሽጉጦቹ የሚሞላው ፎርም ነው።

"አንቺ ሙይልኝ" አሏት። "አንቺ የጻፍሽውን ማንም አይከራከርም።"

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ ሄደች። ሣጥኑ ሲከፈት በርሜሎቹ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራሉ።

"ለበዓል ቤት ሳጸዳ ዝገት መስሎኝ" አሉ ወይዘሮ ስመኝ፤ "በሽቦ ፈተግኩት። ሰው ይመጣል፣ ምን ይለናል ብዬ።"

"የሁለት መቶ ዓመት ቀለም" አሉ ፊታውራሪ፣ "በአንድ ዓርብ።"

"ኀሙስ ነው። ስቅለት ቀን አልሠራም።"

የምስራች ጓንቷን አጥልቃ ሥራ ጀመረች። ርዝመት ለካች፣ መዘነች። አንዱን ስትገለብጠው ከበርሜሉ ሥር የተቀረጸ ቁጥር አየች፤ ሁለት። ሌላውንም ገለበጠች። እሱም ሁለት። ጥንድ ሲሠራ አንደኛው አንድ፣ ሌላው ሁለት ተብሎ እንደሚቀረጽ ያስተማሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?"

ፊታውራሪ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥንድ ብለሽ ጻፊ።"

"ጥንድ አይደሉም እኮ።"

"ክለቡ ገልብጦ አያይም።"

"እኔ ገልብጬ አይቻለሁ።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ ወይዘሮ ስመኝ። "ባልፈትገው ኖሮ አይወጣም ነበር።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ?" አሉ ፊታውራሪ በቀስታ። "ሳልገዛውም አውቅ ነበር። ቁጥሩን በሰም የደፈንኩት እኔ ነኝ።"

የመጀመሪያውን ሄርንደን ውስጥ ከአንድ ሰው ጋራዥ ነበር ያገኙት፤ ከነሣጥኑ፣ ብቻውን። ጓደኛው የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለተኛውን ከዓመታት በኋላ ፔንሲልቬኒያ አንድ ገበያ ላይ አዩት። ሻጩ አገላብጦ ቁጥሩን አሳያቸውና፣ ነጠላ ስለሆነ ማንም እንደማይፈልገው ሳይደብቅ ነገራቸው።

"ሣጥኑ የተሠራው ለሁለት ነው" አሉ ፊታውራሪ። "በከፈትኩት ቁጥር ግማሹ ባዶ። አላስቻለኝም።"

የምስራች እስክሪብቶውን አነሳች። ግማሹ ባዶ የሆነ ነገር ምን እንደሚመስል ሊያስረዷት አያስፈልግም ነበር። ሐሰት መጻፍ ግን አትችልበትም።

"ሁለተኛው የመጣው መቼ ነው?"

"በፈረንጅ 2013 መሰለኝ።"

በእንግሊዝኛ ጻፈችና በአማርኛ አነበበችላቸው። "ሁለት የእንግሊዝ የፍልሚያ ሽጉጦች። ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የቀሩ። ከ2013 ጀምሮ በአንድ ሣጥን አብረው የኖሩ።"

"ይህን ካየ ክለቡ ከጥንዶቹ ጠረጴዛ ያነሳኛል።"

"ሊያነሳዎት ይችላል።"

"አንቺ ግን አትለውጪውም።"

"አልለውጠውም፣ ጋሼ።"

ፊታውራሪ ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወይዘሮ ስመኝ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው። የፊታውራሪ ጣት የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ።

"2012 ነው" አሉ። "ስመኝ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን የተደረገችበት ዓመት። አንድ ዓመት አጎደልሽባቸው።"

የምስራች በሃያ ዓመት ሥራዋ ሰው ሲያርማት ደስ ብሏት አያውቅም። የዓመቱን መጨረሻ ሦስት ሰርዛ ሁለት አደረገችው።

"አሁን ሰብሚት አድርጊው" አሉ ፊታውራሪ።