ክቡር ሟች፣ የመዝገብ ቤታችን ባለጉዳይ

በዚህ አገር ፎቶኮፒው የማይበላሽበት መሥሪያ ቤት ይኖር ይሆናል፤ ቋሚ ባለጉዳይ የሌለው መሥሪያ ቤት ግን የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ክላሰሩን በፌስታል ጠቅልሎ ከዘበኛው ቀድሞ ይደርሳል። የትኛው ኃላፊ ስብሰባ እንደገባ፣ የትኛው ደግሞ ስብሰባ ገባ እንደሚባል ለይቶ ያውቃል። ሠራተኛ ይዛወራል፣ ኃላፊ ይነሳል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ ሦስቴ ይቀየራል፤ እሱ ግን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

የእኛው አቶ ደባልቄ ይባላሉ። አሶሳ ውስጥ አሮጌ መዛግብት በሚቀመጡበት ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዘጠኙንም ዓመት በየማክሰኞው አይቻቸዋለሁ። እኔ በሆዴ «ክቡር ሟች» ነው የምላቸው፤ በመዝገባችን መሠረት በ1977 ዓ.ም. ሞተዋልና። «እንደምን አደሩ ጋሽ ደባልቄ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው። «አለሁ፣ መዝገቡ ባያውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በድርቁ ዘመን ከወሎ፣ ከደላንታ፣ በሰፈራ ሲመጡ ገና ጎረምሳ ባለትዳር ነበሩ። አንለይ የሚባል ያገራቸው ልጅ አብሯቸው መጣ። ሰፈራ ጣቢያው ላይ እህል የሚታደለው በካርድ ነው፤ ባለካርዱ ራሱ ይቅረብ ይባላል፣ ግን ወባ ግማሹን ሰው ስላስተኛው የቻለ ላልቻለው ይሰለፍ ነበር። አንድ ቀን ደባልቄ ትኩሳት ጥሏቸው፣ አንለይ የራሱን ካርድ እሳቸው ዘንድ ትቶ የእሳቸውን ይዞ ተሰለፈ። ለካ እሱንም ወባ ይዞት ኖሯል፤ ሰልፉ ላይ ወደቀ፣ አልተነሳም። መዝጋቢው እጁ ላይ ያለውን ካርድ አየና «ደባልቄ፣ ሞተ» ብሎ ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ደባልቄ እየተንገዳገዱ ሲቀርቡ፣ «ደባልቄማ ሞቷል፤ የአንለይን ካርድ ከያዝክ እህልህን ውሰድ፣ ካልያዝክ ዞር በል» አላቸው። የራበው ሰው ስም አይመርጥም። ከዚያች ቀን ወዲህ በመንግሥት ዘንድ አንለይ ናቸው። መሬቱ የአንለይ ነው፣ ልጆቹ የአንለይ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስረሳሽ «ባሏ የሞተባት» ተብለው ስለተመዘገቡ፣ የጋብቻ ወረቀት ባስፈለገ ጊዜ ከገዛ ባላቸው ጋር እንደ አዲስ ተጋቡ። «አስረሳሽ ሁለቴ አግብታኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አላማከረችኝም» ይላሉ ክቡር ሟች።

የሚጠይቁት ሁለት መስመር ነው። ደባልቄ በሕይወት አለ፣ አንለይ ሞቷል ተብሎ ይጻፍ። በቃ።

ለዚህች ሁለት መስመር ብለው መሥሪያ ቤታችንን ከእኛ በላይ አወቁት። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ክፍሎቹን የሚያስጎበኙት እሳቸው ናቸው። ባለጉዳይ ገና በር ላይ ሳለ «አንቺዬ፣ የቀበሌ ደብዳቤሽ ማህተም አለው እንጂ የኃላፊው ስም ያለበት ቲተር የለውም፤ ይመልሱሻል» ይሏታል፣ እውነትም እንመልሳታለን። ወደ አዲሱ ሕንፃ ስንዛወር ጉልበት አላነሰኝም ብለው መዝገብ ተሸከሙ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሰው ሲያወርዱት የ77ቱ ነበር። የገዛ ሞታቸውን ተሸክመው ደረጃ የወጡ ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እኔ ታዲያ ትዕግሥት ብዙም አልፈጠረብኝም። አንድ ማክሰኞ ከፊቴ ሦስት የተቆለለ ፋይል እያለ መጡብኝ። «ጋሽ ደባልቄ፣» አልኳቸው፣ «ፍርድ ቤት ሄደው ስም ቀይሬያለሁ ቢሉ በሁለት ወር ያልቃል። ስንቴ ልንገርዎ?»

«ስሜን አልቀየርኩማ፣ ስርጉትዬ።»

«ምን ልዩነት አለው? ደባልቄ ከተባሉ አይበቃዎትም?»

«ለእኔማ ይበቃኛል። አንለይስ?» አሉና ከክላሰሩ አንድ የነተበ ፎቶኮፒ አወጡ።

አንለይ ጤናዬ የምትባል አንዲት እህት ነበረችው። ደርግ ሲወድቅ ደብዳቤ አስጽፋ ወንድሜ የት ደረሰ ብላ ጠየቀች። መልስ ተላከላት፣ ከነማህተሙ፤ ፎቶኮፒው የዚሁ መልስ ነው። አንለይ በሕይወት አለ፣ መሬት ይዟል፣ ሦስት ልጆች ወልዷል ይላል። ጋሽ ደባልቄ ይህን ሳያውቁ በ98 ዓ.ም. መርዶውን ሊነግሯት ደላንታ ድረስ ሄዱ። ወረቀቷን ከሳጥን አውጥታ ዘረጋችላቸው። «እኔ ማህተም አለኝ። ወንድሜን ልትገድልብኝ የመጣህ፣ አንተ ምን ይዘሃል?» አለቻቸው። ምንም አልያዙም።

«አላለቀሰችለትም፣ ተዝካሩን አላወጣችለትም» አሉኝ። «እዚያ ማዶ ከብሮ ረሳኝ እያለች ከሠላሳ ዓመት በላይ ትረግመዋለች። እኔን ብሎ ተሰልፎ የሞተን ልጅ። እሷም አርጅታለች እኮ፤ ተቀያይማው እንዳትሞት ነው የምለፋው።»

አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግትር ሽማግሌ እያልኩ ሳማቸው የነበርኩት ሴት ፋይሉን ተቀበልኳቸውና ከዚያ በኋላ የተመላለስኩት እኔ ነኝ።

ጊዜውም አጭር ነበር። አሮጌ መዝገብ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገባል ተብሎ መመሪያ ወርዷል፤ ስህተቱ አንዴ ከገባ ማን ይነቅለዋል? ኃላፊያችን አቶ ሙዐዊያ «ቀብሩን ያየ ምስክር አምጡ፣ ኮሚቴ እሰበስባለሁ» አሉ። ከሰፋሪው የሞተው ሞቷል፣ የቀረው ወደ አገሩ ተመልሷል። ክቡር ሟች ግን ሌላ ሰው ነበራቸው። ሼህ ሀይደር ይባላሉ፣ የአካባቢው ነባር የበርታ ሰው ናቸው። ያኔ ሰፋሪው ሁሉ ታሞ ጉድጓድ የሚቆፍር ሲጠፋ ዶማቸውን ይዘው የመጡት እሳቸው ነበሩ።

ሼህ ሀይደር ኮሚቴው ፊት በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። «የተቀበረው ደባልቄ አለመሆኑን በምን ያውቃሉ?» ተብለው ተጠየቁ።

«ደባልቄ ትኩሳት እንደያዛት ጉድጓዱ ጋ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር» አሉ፣ ወንዱን እንደ ሴት በሚጠራው አማርኛቸው። «የሞተ ሰው ታለቅሳለች እንዴ? ወላሂ፣ እኔ ነኝ የቆፈርኩ።»

ቃለ ጉባኤው በዚያው ዕለት ተፈረመ።

የማረሚያውን ደብዳቤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ከነማህተሙ ከነቲተሩ። የራሳቸውን መስመር ዘወር ብለውም አላዩት። «የእሱን አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። ደግመሽ አሉኝ፣ ደገምኩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉና መልሰው ደፍተው «እንግዲህ ሐሙስ ወደ ደላንታ ነው የምነሳው» አሉ።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን ነኛ።»

መርዶ ብቻውን የሚነግር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? መርዶ ማለዳ፣ ሰው ይዞ፣ የሚደግፍ እጅ ይዞ ነው የሚገባው። ሴትዮዋ ስትወድቅ ማን ሊይዛት ነው? እኒህ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ያናድዱኛል። እንዴት እንደምወዳቸው የገባኝም ያን ዕለት ተናድጄ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ስሞላ ነው።

አቶ ሙዐዊያ ቅጹን አነበቡት። ምክንያት በሚለው ቦታ «የቤተሰብ ሐዘን» ብያለሁ።

«ማን ሞተ?»

«አንለይ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፣ ፈረሙ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ሂዱ። ከእኛም አልቅሱላት» አሉ።

ሐሙስ ማለዳ መናኸሪያ ስደርስ ክቡር ሟች እንደልማዳቸው ቀድመውኛል። ክላሰሩ የለም፤ አንዲት ፖስታ ብቻ በደረት ኪሳቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ደባልቄ?»

«አለሁ» አሉ። ሌላውን ሳይጨምሩ ቦርሳዬን ተቀብለውኝ አውቶቡሱ ውስጥ ገባን።