በውሳኔ የተዘጋው ጆሮ

እናንተዬ፣ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የተላከ መሐንዲስ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ድሬዳዋ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ፣ ሞተር የሚፈታ ሰው ላኩልን ብለን ጠየቅን። የተላከልን ልጅ ሁለት ካርቶን ደብተር ይዞ ከባቡር ወረደ።

ጋሽ አብዲ የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ ነበሩን። ጠዋት ጠዋት የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ውስጥ ዘንጉን አቅፎ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ሊበላ ሲል ድምፁ ይነግራቸዋል። መሐንዲሱ ይህን ሲያይ ክው አለ። በማግስቱ የውይይት ክበብ ላይ ተነሥቶ፣ «ጓዶች! በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ዘመን፣ ሞተር እያዳመጠ የሚጠነቁል ሠራተኛ በመካከላችን አለ!» አይል መሰላችሁ?

ጉድ ፈላ! ጋሽ አብዲ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ፣ ካቻቢቴም ወደ ጆሯቸው እንዳያስጠጉ ተወሰነ። እኛም አጨበጨብን። ምን እናድርግ?

ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቀጥ አለ። መሐንዲሱ ጥቁር ሰሌዳ አስመጥቶ ሲያሰላ ዋለና፣ «ኩሽኔታው ነው!» አለ። ወላሂ፣ ልክ ነበር! ጋሽ አብዲ መፍቻውን አቀበሉት።

«በል አቦ፣ ፍታው።»

መሐንዲሱ ሞተሩን አንዴ ዞረው። ደግሞ ዞረው። ከዚያ ጓድ ማለቱን ትቶ፣ ወደዚያው በውሳኔ ወደተዘጋው ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታ የትኛው ነው? እኛን ያሳዩን ሥዕሉን ብቻ ነው።»