ታይቷል፣ ትክክል ነው

ማስቀመጥ እንወዳለን። ለዘር ብለን ጭስ ላይ በቆሎ እንሰቅላለን፤ ለክፉ ቀን ብለን ትርፍ ቁልፍ ጎረቤት ዘንድ እናኖራለን። መልካም ነው። ያስቀመጡትን ማየት ግን የሰነፍ ሥራ ይመስለናል። ዝናቡ ጠብ ሲል በቆሎውን ብናወርደው ነቀዝ ፈጭቶታል፤ ቁልፉን ፍለጋ ብንሄድ ጎረቤታችን ከነቁልፋችን አገር ለቃለች። እናንተ እንዲህ አታደርጉ ይሆናል። እኔ ግን አድርጌአለሁ፤ ያጠፋሁትም በቆሎ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ፣ ድርቁ ወሎን ከቤቱ ባስወጣ ሰሞን፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ውስጥ በአንድ የሕፃናት መጠለያ ታይፒስት ነበርኩ። ወላጅ የሞተበትን፣ የጠፋበትን ወይም የታመመበትን ልጅ እንቀበላለን። ቦታ ሲጠብብን ደግሞ በየከተማው ላሉ ቤተሰቦች በአደራ እንሰጣለን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅጽ አለው፤ ስሙ፣ የእናቱ ስም፣ አገሩ፣ በአደራ የተሰጠበት ከተማ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚሉ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ቅጹን በካርቦን ሁለት አድርጌ እመታለሁ፤ ዋናው ደሴ ይቀራል፣ ቅጂው ኮምቦልቻ ወርዶ መጋዘናችን ውስጥ በእንጨት ሣጥን ይቀመጣል። «ደሴን ጎርፍ ቢወስዳት ኮምቦልቻ አለ። ኮምቦልቻን እሳት ቢበላው ደሴ አለች። ሁለቱን ባንድ ቀን ከወሰደ እሱ የአላህ ሥራ ነው፣ እኛን ማንም አይጠይቀንም» ይሉ ነበር።

በዚህም አላበቁም። በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ወርዶ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ከመካከሉ አሥር ቅጽ መዝዞ ከደሴ ይዞት ከወረደው የስም ዝርዝር ጋር ማስተያየት አለበት። ከዚያ በሩ ላይ በተሰቀለው ወረቀት «ታይቷል፣ ትክክል ነው» ብሎ ይፈርማል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ከደሴ ብርድ ቁልቁል ሲወርዱ መጀመሪያ ሹራቡ ይወልቃል፤ ቀጥሎ ልብ ይፈታል። እዚያ አንድ መካኒክ ነበር። ስሙ ይቅር፤ አሁን የልጆች አባት ነው። የእኔ ልጆች አይደሉም።

በመጀመሪያው ጉዞዬ አሥሩንም ቅጽ አይቻለሁ፣ በእውነት። በሁለተኛው አምስት አየሁ። በሦስተኛው መካኒኩ ውጭ ቆሞ ሲጠብቀኝ ሣጥኑን ከሩቅ ተሰናብቼ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜም እንዲያው ሆነ። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምር ነበር።

አንድ ሐምሌ፣ ምሳ ላይ ሳለን፣ ከተራራው የወረደ ጎርፍ የመዝገብ ቤቱን ግድግዳ ደርምሶ ገባ። ሰው አልተጎዳም፤ ቅጾቹ ግን ገንፎ ሆኑ። ሁላችን ስናለቅስ ጋሽ ሰይድ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው መሃል ቆሙና «አልሐምዱሊላህ፣ ኮምቦልቻ አለልን። ተነሽ ልጄ፣ እንውረድ» አሉኝ።

ሣጥኑን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ውስጡ አፈር። ደሴ ብርድ ናትና ከመካከላችን ስለ ምስጥ ያሰበ አልነበረም። ከግርጌው ገብቶ ሁሉን በልቶታል፤ የተረፈው የወረቀት መያዣ ሽቦ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ያለው ወረቀቴ ግን አንድ ፊርማ ሳይጎድልበት እንደ ተሰቀለ ነው።

«ባለፈው ደህና ነበር» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሣጥኑን መልሰው ከደኑት። ለበላይ አካል «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጻፉ፤ ከኃላፊነታቸውም ወርደው እዚያው ተራ ሠራተኛ ሆኑ።

ከዚያ በየአእምሯችን የቀረውን መጻፍ ጀመርን። ፊደል የማይቆጥሩት የወጥ ቤታችን እመት ከድጃ የብዙውን ልጅ እናትና አገር፣ የሄደበትንም ከተማ አንድ በአንድ ነገሩን። የሚያስቸግር ልጅ አይረሳም። ዝምተኞቹን ግን ማንም አላስታወሰም።

በአደራ ከሰጠናቸው አንዷ፣ ጦይባ፣ ዝምተኛ ነበረች። እናቷ እትየ ሩቂያ ታመው ሲያስረክቡን ቅጿን የመታሁት እኔ ነኝ። ድነው ልጃቸውን ሊወስዱ ከአገራቸው ከደጋን መጡ።

«በሁለት ወረቀት ስትጽፊ አይቻለሁ» አሉኝ። «አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ ብለሽኛል።»

«አዎ፣ እትየ።»

«ታዲያ አንዱስ?»

«ምስጥ በላው።»

«የሚያየው ሰው አልነበረም?»

ጋሽ ሰይድ ከኋላዬ «እኔ ነበርኩ፣ እናቴ። አፉ ይበሉኝ» አሉ። እትየ ሩቂያ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጡ። ሦስተኛ አልመጡም።

ዓመታት አልፈው ጋሽ ሰይድ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። አልደነገጡም።

«አውቅ ነበር። የካርቦን ቅጂ የነካ ጣቱ ይጠቁራል። አንቺ ከኮምቦልቻ የምትመለሺው እጅሽ ጥርት ብሎ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጃገረድን የት ዋልሽ ብዬ ልጠይቅ? ራሴ ወርጄ እንዳላየው ደግሞ አንቺን ማሳጣት መሰለኝ። ወላሂ፣ አፈርኩ።»

እሳቸው አፍረው፣ እኔ አፍሬ፣ ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ኖርን።

ይህን ጽሑፍ ሁለት አድርጌ ገልብጫለሁ። አንዱ እህቴ ዘንድ ነው፤ ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ። ቅጹም የማስታውሰውን ያህል ይኸው፦ ስም ጦይባ። የእናት ስም ሩቂያ። አገር ደጋን። በአደራ የተሰጠችበት ከተማ ...

ታይቷል። ትክክል ግን አይደለም።