በሁዳዴ የታዘዘልኝ ዘፈን

ጉልበታችሁን አመስግናችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ሰው ዓይኑን ያመሰግናል፣ ጥርሱን ያመሰግናል፣ ሆዱን እንኳ ከምሳ በኋላ "ተመስገን" እያለ ይደባብሳል። ጉልበት ግን ሰባ ዓመት ሙሉ ተሸክሞን ዞሮ አንድ ቀን አይመሰገንም። ታዲያ ቢያኮርፍ ይፈረድበታል?

የኔው ያኮረፈው አምና ነው። ስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንገቴን ብቻ ስነቀንቅ ዋልኩ። ባለቤቴ ሙሉ በሴቶቹ በኩል ትሰግዳለች። በተነሳች ቁጥር ዞር ብላ ታየኛለች። አርባ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ደግሞ በዓይኑም ይናገራል። አፈርኩ። በኋላ ሐኪሞች ጉልበትህ በቀዶ ጥገና ካልተከፈተ አይሆንም ሲሉኝ፣ አልጋው ላይ ሆኜ ተሳልኩ። በሰላም ከወጣሁ የሚመጣውን ስቅለት በገዛ ጉልበቴ እሰግዳለሁ አልኩ። ስእለት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሲሳሉት ቀላል ነው።

በሰላም ወጣሁ። ጉልበቴ ግን አልታጠፍም አለ።

ያን ጊዜ ነው ሬናታ ዘንድ የላኩኝ። ሬናታ ሁዲንጌ በሚባለው ሰፈር የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ የደረቀውን እያሸች፣ እያንቀሳቀሰች የምታፍታታ። ሪዮ ተወልዳ እዚህ ስዊድን የተማረች ብራዚላዊት ናት። ሳያት ሠላሳ ዓመትም የሞላት አልመሰለኝም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አልኩ በልቤ። ደግሞ "አንተ" ነው የምትለኝ። ስዊድን ውስጥ ከንጉሡ በቀር ሁሉም "አንተ" ነው። ለተማሪነት መጥቼ ሃምሳ ዓመት ኖሬበት፣ ዛሬም ከልጅ አፍ ስሰማው አንገቴን ቀና ያደርገኛል።

ማዕዘን መለኪያ አምጥታ ለካችኝና "ዘጠና ዲግሪ" አለች። ጡረታ እስክወጣ የውኃ መሐንዲስ ነበርኩ፤ ዘጠና ዲግሪ ማለት ያው የአምናው ወንበር ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። እስከ የት መታጠፍ ትፈልጋለህ ብላ ጠየቀችኝ። እስከ መሬት አልኳት። ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏት ነው። ስግደት ምን እንደሚመስል በእጄ አሳየኋት፤ ግንባሬ የት እንደሚደርስ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም። መሳቋን ተወች። "ስንት ጊዜ?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

መጀመሪያ በቁጥር ሞከርን። ኤት፣ ትቮ፣ ትሬ። ስዊድን ሁሉ ነገር በቁጥር ነው፤ ጉልበቴ ግን ቁጥር አይሰማም። በሦስተኛው ቀጠሮ ሬናታ ስልኳን አወጣችና ሳምባ ከፈተች፤ የሀገሯን፣ ያልተነካካውን። ምን ይሮጣል መሰላችሁ። ጉልበቴ ወዴት እንደሚሄድ ሳይወስን ዘፈኑ አለቀ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሶል የሚሉትን የአሜሪካ ዘፈን አመጣች። እሱን እንኳ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ሱሪያችንን ከታች አስፍተን፣ ፀጉራችንን አጎፍረን ወጣትነታችንን የጨረስነው በሱ ነው። ሲጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የድሮ ሰው ሁሉ መጣብኝ። ሬናታ ስትጠራኝ ለካ ተቀምጫለሁ። ሕክምናው ትዝታ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ነው ሁለቱን የቀላቀለውን ያመጣችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላውራላችሁ፣ ጉልበቴ ይጠብቃል። ሬናታ እያሸችኝ የነገረችኝ ነው። አያቷ ሪዮ ውስጥ፣ በሰፈራቸው የሳምባ ማኅበር ትልቁን ከበሮ የሚመቱ ሰው ነበሩ። እናቷ ደግሞ ኮረዳ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ የአሜሪካ ሶልና ፈንክ ወደሚጨፈርበት የስፖርት አዳራሽ ትሄዳለች። አያትየው ተቆጡ። የባዕድ ዘፈን ቤቴ አይገባም ብለው ልጃቸውን አኮረፉ። እንዲህ ያለ አባት በየሀገሩ ስንት አለ? የዚያ ዘመን ልጆች ግን ሳምባውንም አልጣሉ፣ ሶሉንም አልመለሱ፤ አንድ ድስት ውስጥ ጨመሯቸው። ውሎ አድሮ ሽማግሌው ራሳቸው እንዲህ ካለ ቡድን ጋር ከበሯቸውን ይዘው ተገኙ። ፊታቸው እስከ መጨረሻው ቅር እንዳለው ነበር አለችኝ፤ እግራቸው ግን አስቀድሞ ታርቋል።

እኔ ቅልቅል ስትለኝ የመጣልኝ ስፕሪስ ነው፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፣ ሁሉም በየመደቡ። ስሰማው ግን ተሳስቻለሁ። ይሄስ እንደ ሽሮ ነው። አንዴ አብሮ ከተፈጨ በኋላ አተሩን ከሽምብራው ማን ይለያል? ከሥር የፈንኩ ቤዝ ጊታር ረጋ ብሎ፣ ከበድ ብሎ ይራመዳል። ከላይ ፓንዴይሮ የሚሉት፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ የተሰካበት ትንሽ ከበሮ ይንሿሿል። መሃል ላይ ደግሞ ኩዊካ አለ፤ ሆዱ ውስጥ የተተከለችውን ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ እያሹ የሚያስለቅሱት ከበሮ። ጥሩምባው በስተኋላ ይመጣል። ማንም የማንንም እግር አይረግጥም። ሁለት ሀገር ተገናኝቶ አንዱ ጌታ አንዱ ሎሌ ሳይሆን ሲቀር ስንቴ አይታችኋል? እኔን በጣም ደስ አለኝ።

ጉልበቴስ? ቤዙ ሲወርድ ወረደ። ፓንዴይሮው ሲነሳ ተነሳ። ሬናታ ለካች፤ መቶ አምስት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ከበሮና ቤዝ ሲያብሩ ግን ጉልበት ይፈታሉ።

መቶ ሃያ ላይ ስንደርስ ሁዳዴ ገባ።

ጉዱን አያችሁ? ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ዘፈንማ ጭራሽ። እስከ ፋሲካ ሙዚቃ አልሰማም አልኳት። አልተከራከረችኝም፣ ፋይሌ ላይ ጻፈችው። በኋላ ቤቴ በኢንተርኔት ከፍቼ ሳየው "ታካሚው እስከ ሚያዝያ ሙዚቃ አይስማማውም" ይላል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ላይ እንደሚጻፈው። ወደ ኤት፣ ትቮ፣ ትሬ ተመለስን። በሁለት ሳምንት ጉልበቴም ወደ መቶ አምስቱ ተመለሰ። ስቅለት እየቀረበ ነው። ወንበሩም እዚያው ከኋላ አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ለነፍስ አባቴ ደወልኩ። በቅርብ ከአዲስ አበባ የመጡ ቄስ ናቸው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ በነፍስ ግን አባቴ ናቸው። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

"ዘፈኑ ምን ይላል?" አሉኝ።

"በፖርቱጋልኛ ነው አባቴ፣ አላውቀውም።"

"የሚጨፍረው እግርዎ ነው ወይስ ልብዎ?"

"እግሬ ብቻ ነው" አልኩ። ይህን ስናገር ልቤ ምን ያደርግ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

እንግዲያው እንደ መድኃኒት ይውሰዱት አሉኝ። መድኃኒት ግን ከሐኪም እጅ ነው፤ እዚያው ሕክምናው ቦታ ብቻ፣ ከዚያ ውጪ አንዲት ጠብታ እንዳይቀምሱ ብለው አስጠነቀቁኝ።

ትእዛዛቸውን ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ዘፈኑን ሬናታ ዘንድ ብቻ ሰማሁ፣ ጉልበቴም እንደገና መታጠፍ ጀመረ። በሦስተኛው፣ ሮግስቬድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ቤቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ምስር እየለቀምኩ ስልኬን ከፈትኩ። ዝቅ አድርጌ ነው። ሙሉ ሳሎን ነበረች፤ በሩን ገፋ አደረግኩት፣ ከተጣመመ ስለቆየ ግን አይገጥምም። አንድ ዘፈን ብቻ ብዬ ነበር። ሁለተኛው ላይ ቀና ስል ሙሉ በሩ ላይ ቆማለች።

"ይሄም መድኃኒት ነው?" አለችኝ።

"የከሰዓት በኋላው ነው" አልኳት።

ዞር ብላ ወደ ሳሎኗ ተመለሰች። ፈራሁ። ስልኩን ግን አላጠፋሁም። በማግስቱም ምስር ለቀምኩ። በሳልስቱም። ያን ሰሞን ቤታችን ያለቀው ምስር ለሠርግ ይበቃ ነበር።

ስቅለት ደረሰ። ከስዊድኖች የምንዋሰው ቤተ ክርስቲያን ጢም ብሏል። አንድ ወዳጄ የአምናውን አስታውሶ ከኋላ ወንበር ሳበልኝ። አመሰገንኩትና አልፌው ከወንዶቹ መሃል ቆምኩ። ጉልበቴ ባይታጠፍስ? ታጥፎ ባይነሳስ? ሕዝቡ "ኪርያላይሶን" ሲል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴ ውስጥ ያ ቤዝ ጀመረ። ወረድኩ። ግንባሬ የእንጨቱን ወለል ነካ። ፓንዴይሮው አነሳኝ። ኪርያላይሶን፣ ወረድኩ። ኪርያላይሶን፣ ተነሳሁ። አሥር ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ፤ ተውኩት ይውረድ። በሴቶቹ በኩል ሙሉን አየኋት። በዓይኗ ወገቤን እያመለከተች ነው። ስነሳ ለካ ወገቤ ሰበር ይላል።

በመጨረሻ የጥብጣቡ ሰዓት ሆነ፤ ቄሱ ኃጢአታችንን ሰምተው፣ ጀርባችንን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው ተጨማሪ ስግደት የሚያዙበት። ተራዬ ሲደርስ ለነፍስ አባቴ መድኃኒቱን ከልክ በላይ ወሰድኩ አልኳቸው። የት ወሰዱት አሉኝ። ወጥ ቤት አልኩ። እግርዎ ብቻ ነው አሁንም? አይ አባቴ፣ ልቤም። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ጸሎት አላወቅኩም። ወይራው ጀርባዬ ላይ አረፈ።

"አርባ ይስገዱ" አሉኝ።

ያን ሁሉ ከሰገድኩ በኋላ አርባ። ጥግ ይዤ በቁጥር ጀመርኩ፤ ለንስሐ የሚገባው እሱ ነው ብዬ። አምስተኛው ላይ ጉልበቴ ቆመ። ምን ላድርግ? ቤዙን ጠራሁት። መጣልኝ። ለኃጢአቴ የተሰጠኝን ቀኖና በዚያው በኃጢአቴ ጨረስኩት። ታዲያ ይሄኛውን ደግሞ ለማን ልናዘዝ? ተመልሼ ልሰለፍ?

ይህን እያሰብኩ ቀና ስል ከማዶ ሙሉ ገና ትሰግዳለች። ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ትነሳለች። ስትነሳ ወገቧ ሰበር ይላል።

ደጅ ጫማችንን ስናጠልቅ ስንት እንዳዘዙባት ጠየቅኳት።

"ሃያ" አለችኝ።

"በምን ኃጢአት?"

ጫማዋን አስራ ጨረሰች። ከዚያ ክንዴን ያዘችና፣ "ያ የማይገጥም የወጥ ቤት በር" አለችኝ፣ "ይሠራ ብዬህ ነበር።"