አንቀመጥም ያልን ሦስት ሽማግሌዎች

የቶሮንቶ ሰው ቁጭ በል ሲሉት ወዲያው ቁጭ ይላል። ልብ ብላችኋል? በኛ ወግ ቢያንስ ሦስት ጊዜ «ግዴለም፣ ደህና ነኝ» ይባላል፤ ወንበር የሚሳበው በአራተኛው ነው። እዚህ አንዴ «ግዴለም» ካላችሁ ወንበሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። በዚሁ በወንበር ጉዳይ የጎረቤቴን ልጅ ዕድል ከማበላሸት ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ልጅቱ ሶስና ትባላለች። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከኔ በር አራተኛው በር ላይ ከእናቷ ከአበበች ጋር ትኖራለች። በሒሳብ ከክፍሏ የሚስተካከላት የለም፤ ምኞቷ ኢንጂነር መሆን ነው። እናቷ ግን ሆቴል አልጋ እያነጠፈች ዩኒቨርሲቲ ከየት አምጥታ ትክፈል? አንድ ቀን ሶስና የመኮንኖች ኮሌጅ ፎርም ይዛ መጣች። ከተቀበሏት መንግሥት በነፃ ያስተምራታል፤ ስትመረቅ መኮንንም ኢንጂነርም ትሆናለች። ካልተቀበሏት ከእናቷ ጋር አልጋ ማንጠፍ ነው። በመሐል ያለው አንድ ኢንተርቪው ብቻ።

አበበች መጀመሪያ አለቀሰች። ከወታደር ሸሽቼ መጥቼ ልጄ ወታደር ትሁን ወይ አለች። እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት አኩርፋ ቆየችና፣ እንግዲህ ቆርጣለች፣ እርስዎ ያለማምዱልኝ ብላ እኔ ዘንድ መጣች። ለምን እኔ? ከተሸካሚነት ተነስቼ የሁለት የጭነት መኪና ባለቤት የሆንኩ ሰው ነኝ። በዕድሜዬ አሥራ አንድ ሹም ፊት ቆሜያለሁ፤ ዘጠኙ ጉዳዬን ፈጽመውልኛል።

አርባ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። ስድስት ቅዳሜ አለማመድኳት። እኔ ሹም ሆኜ እቀመጣለሁ፤ እሷ አንኳኩታ ትገባለች። ሹም ፊት ዓይን አይፈጠጥም፣ ድምፅም ዝቅ ይላል፤ መጀመሪያ ያስያዝኳት ይህን ነው።

«ምን ትችያለሽ?» እላታለሁ።

«ሒሳብ እችላለሁ። የመረብ ኳስ ቡድናችንንም እመራለሁ።»

«ተይ እንጂ! ሰው ራሱን ያወድሳል? ዝም አይነቅዝም።»

«ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አላሉኝም?»

«እሱ ለደጃዝማች ነው።»

«ታዲያ ለኔ ማን ይናገርልኝ?»

«እኛ ምን ልንሠራ አለን?»

«ኦኬ ጋሼ» አለችኝ። እዚህ ያደገ ልጅ ኦኬ ሲል አልተስማማሁም ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ፎርሙ ደግሞ የሚያውቁሽን ሦስት ሰዎች ስም ጻፊ ይላል። ይህን ሳነብ ልቤ አረፈ። ለካ ፈረንጅም ያለ ዋስ አይቀጥርም! ሽማግሌስ ስንት ነው የሚላከው? ሦስት። እኔ፣ ታክሲ የሚነዱት ሐጂ ኑሩ፣ ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አቶ ተሰማ ተጻፍን። ስሙ የተጻፈ ሰው ቤቱ ይተኛል? ዋስ የሚቀርበው በአካል ነው።

ሶስና አትምጡ አለችን። አራት ጊዜ። እኛ ይሉኝታ መሰለን።

ቀኑ ደረሰ። ከቪክቶሪያ ፓርክ ኖርዝ ዮርክ ድረስ በሰብዌይ አሥራ ዘጠኝ ጣቢያ ነው። ሦስታችንም ከረባት አስረናል። ሶስና ከፊት፣ እኛ ከኋላ።

ቢሮው ስንደርስ አንዲት ሻምበል ወጣች። ቁመቷ አቶ ተሰማን በአንድ ራስ ይበልጣል። ሶስናን ጨበጠችና ለኛ ወንበር አሳየችን። አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእንግሊዝኛ ጀመሩ። ልጃችንን እንዲቀበሉልን ለልመና መጥተናል፣ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም አሏት። ሻምበሏ ግራ ገብቷት ወንበሩን ደግማ አሳየች። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ ጊዜ ለመነችን። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ እንጂ አልተቀመጥኩም። የሴትየዋ ዓይን ወደ ስልኩ ሄደ። ዘበኛ ልትጠራብን ይሆን? ስድስት ቅዳሜ እዚያው ኮሪደር ላይ ሊቀበር ነው።

ያኔ ሶስና ወደኛ ዞረች። ዓይኗን አልሰበረችም። ድምጿንም ዝቅ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ። ሐጂ፣ እርስዎም። ጋሽ ተሰማ፣ እዚያ ጥግ ካለው ላይ። እስክወጣ አንድ ቃል እንዳልሰማ!»

ሦስታችንም ቁጭ አልን። እንዴት እንደተቀመጥን እስካሁን አላውቅም። የታዘዘው ጉልበታችን ነው።

ሶስና ከሻምበሏ ጋር ገብታ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ቆየች። ትንፍሽ አላልንም። ሐጂ አንዴ አስነጠሳቸውና ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። በመሐል በሩ ተከፈተ፤ ሻምበሏ ብቅ ብላ ሦስታችንንም በየተራ አየችን፣ ፈገግ አለች፣ መልሳ ዘጋችው።

ስትወጣ፣ ከአርባ ሁለቱ ስንቱን ጠየቀችሽ አልኳት።

«አንዱንም። በዕድሜ የሚበልጡሽ ሰዎች አንታዘዝም ቢሉሽ ምን ታደርጊያለሽ ነው ያለችኝ።»

«ምን መለስሽ?»

«በሩን ከፍተሽ እያቸው አልኳት።»

ደብዳቤው በስድስተኛው ሳምንት መጣ። ተቀብለዋታል። አበበች እንደገና አለቀሰች፤ የዚህኛውን ምክንያት አልጠየቅኳትም።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ልጅቱን ሊያስቀሯት ነበር እያለ ያማናል። ይማ። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አርባ ሦስተኛው መሆኑ ነው። እኛ ባንሄድላት፣ ማንን ታዝ ነበር?