ዲማን ያከሳት ይሉኝታ

እናንተ አገር ሰው ሲገናኝ ከጤናና ከልጆች ቀጥሎ ምን እንደሚጠያየቅ አላውቅም። እኛ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ያለነው፣ የምንጠያየቀው ስለ ዝናብ ነው። ጠያቂው ቀና ብሎ መልሱን ሰማዩ ላይ ማየት ይችላል፤ ግን ጨዋ ሰው ስለ ዝናብ ሲጠየቅ «አይቀርም» ማለት አለበት። እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝ። ጨዋነቴ ከብት እንዴት እንደጨረሰ ላጫውታችሁ።

ሥራዬ ሻይ ቤት ነው። አባቴ ከደጋ ወርዶ የከፈተው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ፤ ስለ ከብት የማውቀው ወተቱ ሻይ ላይ ሲጨመር ነው። ቢሆንም ሞያሌ ኖሮ ከብት የሌለው ሰው ሰው አይመስልምና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጎልቦ በሚባለው ቆላ ያለው ወዳጄ ጋልጋሎ ከራሱ መንጋ ጋር የሚጠብቅልኝ ላሞች ነበሩኝ። ጋልጋሎ ቦረና ነው። ላም ለእሱ ምን እንደሆነች ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁትና ስለ ላሞቹ ሲመልስላችሁ ስሙት።

ልጆች ሳለን የመጋቢቱ ዝናብ ሲጥል፣ ከሻይ ቤታችን ደጅ ሰው ሰውን እያዘለ ነበር ጎርፉን የሚያሻግረው። እያደር ዝናቡ መዘግየት ጀመረ፤ ከዚያ አንዳንዱን ዓመት ዘለለ፤ ከዚያ መዝለሉን ልማድ አደረገው። ሲመጣም የዓመቱን በአንድ ከሰዓት አውርዶ፣ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ሣሩ ሲጠፋ የጎልቦ ሰው ላሙን እየሸጠ ግመል ገዛ። ግመል ቁጥቋጦ በልታ፣ ያለ ውሃ ሰንብታ ወተት ትሰጣለች። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር። ግመል እንግዛ ልለው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት መሰላችሁ። ቦረናን «ላምህን ሽጥ» ማለት እንዴት ይቻላል? ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ።

ጋልጋሎ ገበያ በወጣ ቁጥር ሻይ ቤቴ ይገባል። «ይዘንባል» ይለኛል። «እንዴታ፣ ይዘንባል» እለዋለሁ። ይህን ተባብለን ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን። እኛ በዚህ ስንከባበር ላሞቹ ከሱ፣ ከዚያም አለቁ። በመጨረሻ ዲማ ብቻ ቀረች፤ ቀይ ስለሆነች በቦረናው ቋንቋ ያወጣንላት ስም ነው። የጋልጋሎ ትንንሽ ልጆች በእሷ ወተት ነበር የሚያድሩት።

አንድ ቀን የጋልጋሎ ሚስት ጡሜ ደወለችልኝ። ዲማ ወድቃ መነሳት አቅቷታል። በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ድርቆሽ አስጫንኩና፣ እኔ ከድርቆሹ ኋላ ተንጠልጥዬ ጎልቦ ደረስኩ። ጋልጋሎ የዲማን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። የምለው ጠፍቶኝ፣ «አይዞህ፣ ይዘንባል» አልኩት።

«እንዴታ» አለኝ።

ጡሜ የያዘችውን ጀሪካን መሬት አስቀመጠች።

«አባ ማርታ» አለችኝ፤ በልጄ ስም ነው የምትጠራኝ። «ይሄ ሰውዬ ግመል ካማረው ስንት ዓመቱ። ‹ወዳጄ ክርስቲያን ነው፣ የግመል ወተት አይነካም፣ ግመል እንግዛ ብለው ይቀየመኛል› እያለ ተቀምጧል። አንተስ ምን ትጠብቃለህ?»

«እሱ እንዳይቀየመኝ ነበር» አልኩ።

ጡሜ ተራ በተራ አየችን። ኦሮምኛም፣ አማርኛም፣ ስዋሂሊም ትችላለች፤ በሦስቱም ዝም አለች። ለዲማ ውሃ አቀረበችላት። ዲማ አልጠጣችም፤ ሳይመሽ ሞተች። ጋልጋሎ ፊቱን አዞረ፤ እኔ አለቀስኩ። በኋላ የእርዳታ ሰዎች መጥተው የጎልቦን ከብት ድርቅ ጨረሰው አሉ። አልተሳሳቱም። ድርቁ ሁለት ረዳቶች እንደነበሩት ግን ማንም አልነገራቸውም።

አሁን ግመሎች አሉን። ወተታቸው ሻይ ቤቴ ይሸጣል፤ አትጠጣ ተባልኩ እንጂ አትሽጥ ያለኝ የለም። ደንበኞች ይጣፍጣል ይላሉ፤ በእነሱ አፍ አምናለሁ። የጋልጋሎ ልጆችም ፊታቸው ሞልቷል።

ዘንድሮ ሳይታሰብ የመጋቢቱ ዝናብ እንደ ልጅነታችን ጣለ። ጋልጋሎ ደወለ።

«ሣሩ መብቀሉን ሰማህ?»

«የቦዳቦዳ ልጆች ነገሩኝ።»

ዝም አለ። ዝም አልኩ። ላም እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ላም እያሰብኩ እንደሆነ ያውቃል፤ ቀድሞ የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ ስልኩ ከእጁ ሲወሰድ ሰማሁ።

«አባ ማርታ፣ ግመሎቹ ደህና ናቸው» አለች ጡሜ፤ ዘጋችብኝ።