የተዘለለችው መስመር

ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ቢኖሩ፣ አንደኛው ማንበብ ቢችልና ሌላኛው ባይችል፣ የማይችለው የሚኖረው በሚችለው ምላስ ላይ ነው። ይህን የምለው አንባቢን ለማሞገስ አይደለም፤ ለመክሰስ ነው። ተከሳሿ እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ምስክር ፍለጋ አትድከሙ።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የአጎቴ ሱቅ ነው። ስኳርና ምስር የሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣና የተገነጣጠለ መጽሐፍ በኪሎ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ሳላነብ አልጠቀልልም። የአንድ ልብ ወለድ መጨረሻ ምስር ተጠቅልሎበት ቢሄድብኝ፣ የገዙት ሴትዮ ቤት ድረስ ሄጄ "ምስሩ የእርስዎ ነው፣ ወረቀቱን ይመልሱልኝ" ያልኩበት ቀን አለ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣሁ በኋላም ከመጋዘን ሺፍት ስወጣ ሂልቶፕ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ፣ ከልጆች መጽሐፍ ጀምሬ፣ እንግሊዝኛውን እየገፋሁ እየገፋሁ እዚህ አደረስኩት። አሁን ብሮድ ጎዳና ግራና ቀኝ ያለ ሀበሻ ከኢንሹራንስ ይሁን ከልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እኔም መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ከማንበቤ በፊት ትንሽ ዝም እላለሁ። ዝምታዋ ለንባቡ አታስፈልግም። ግን ታስከብራለች።

እንግዲህ ይህን ክብር ይዤ ነው መርከብ ላይ የወጣሁት።

የመርከብ ሽርሽር ሄዳችሁ ለማታውቁ፣ ነገሩ ተንሳፋፊ ሠርግ ነው። ይበላል፣ ይታረፋል፣ ደግሞ ይበላል። ልዩነቱ ሙሽራ የለም፤ "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ" የሚልም የለም። ላይኛው ፎቅ ቡፌ አለ፤ ቁምጣ የለበሰው፣ ከዋና የወጣው፣ ፀጉሩ የሚንጠባጠበው ሁሉ ሰሃኑን ይዞ ይዞራል። ታች ደግሞ ሹካው ሦስት ዓይነት የሆነ፣ ጠረጴዛው በስም የተመደበ የራት አዳራሽ አለ። ከሳምንቱ አንዱን ማታ ወደ ታች የሚወርደው ሰው ሁሉ ሽክ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ፎርማል ናይት ይሉታል። ፎቶ አንሺዎቹም ደጁ ላይ የሚሰለፉት ያን ማታ ነው።

እኛ እዚያ ምን ወሰደን? የጋብቻችን ሃያ አምስተኛ ዓመት የደረሰው ሰው ሁሉ በሩን በቆለፈበት በኮሮናው ዓመት ነበር፤ ባሌ ታደሰና እኔ ሶፋ ላይ ሆነን አከበርነው። ነርሷ ልጃችን ሜላት ይህ አንጀቷን በልቷት ኖሮ፣ ነገሩ ጋብ ሲል መርከቡን ቡክ አድርጋ "ማም፣ ኖ አርጊዩመንት" አለችኝ። ታደሰ ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለ፤ "እትዬ ካልመጡ አልሄድም።" እትዬ ዘነበች ታላቅ እህቱ ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ጋሼ በላይ በዚያው በኮሮና ጊዜ አርፈው፣ ቀብራቸው ላይ ስድስት ሰው ተራርቆ ቆሞላቸው፣ እትዬ ፎረስት ፓርክ ያለችውን ትንሽ ቤታቸውን ይዘው ብቻቸውን ቀርተዋል። እኔንም ቤተሰቡ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ እስከ ዛሬ "ሙሽሪት" ነው የሚሉኝ። ጉልበቴ መንቀጫቀጭ ጀምሯል፤ እሳቸው ዘንድ ግን ሙሽራ ነኝ።

ቀኑን የቆረጡትም እሳቸው ናቸው። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ። በዚያች ቀዳዳ ሾልከን፣ ከሜላት ጋር አራት ሆነን፣ የክትባት ካርዳችንን ይዘን፣ ታደሰ በሚኒቫኑ ሁለት ቀን ነድቶ ባሕሩ ዘንድ አደረሰን።

እሑድ፣ የመጀመሪያው ማታ፣ ወደ አዳራሹ ስንወርድ እትዬ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከላይ የጋሼ በላይን ጥቁር የክረምት ጃኬት ደርበው ብቅ አሉ። በሐምሌ፣ ባሕር መሀል። "ቤቱ ብርድ ነው" አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ኤሲው አጥንት ይሰብራል። እጅጌው ግን እስከ ጣታቸው ጫፍ ይወርዳል።

ያስተናገደችን ማሪሴል የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና ስትወጣ ስትገባ እትዬ በዓይናቸው ይከተሏታል። ዓሣው ቀረበ። እትዬ ከቦርሳቸው ሚጥሚጣ አወጡ፤ ይህንን ጠብቄዋለሁ። ዳቦ ቆረሱ፣ ዓሣውን ጠቀለሉበት፣ ሚጥሚጣውን ነሰነሱ፣ ከዚያ ብድግ አሉ። ይህንን አልጠበቅሁም።

"ይቺ ሴትዮ ከመጣን ጀምሮ ቆማለች" አሉ። "ሰው እንዴት ሳይበላ ያበላል? እንኪ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።"

"እትዬ፣ ይቀመጡ፤ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም" አልኩ በጥርሴ መሀል።

"ርሀብ አገር አለው እንዴ?"

ማሪሴል ግራ ቀኝ አየች፣ ማስኳን ወደ አገጯ ሳብ አደረገች፣ አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሚጥሚጣው ይሁን ሌላ እንጃ። ከጎናችን ያሉት ሽማግሌና አሮጊት ሳቁ። ሳቁ ክፉ እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ። ያን ማታ ግን ጠረጴዛው ሥር ብገባ ወደድኩ፤ ጨርቁም ረዥም ነበር፣ ይበቃኝ ነበር።

እናንተዬ፣ በዘመድ ማፈር የሚባል በሽታ አለ። ሰው ራሱ ሲያጠፋ ፊቱ ይቀላል፣ ይቅርታ ይላል፣ ያልፍለታል። እሱ ያልሠራውን ጥፋት ዘመዱ ሲሠራበት ግን መድኃኒቱን አያውቀውም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ በስንት መከራ ሹካ አያያዝ የለመደች ሴት በአዳራሽ መሀል የምትፈራው እትዬን አይደለም። ሰዎቹ እትዬን አይተው የእኔን የቀድሞ እጅ እንዳያዩት ነው።

ማክሰኞ ማታ የነገ መርሐ ግብር በራችን ላይ ተሰክቶ አገኘነው። ታደሰ ከመንገድ ምልክት የረዘመ ነገር ሁሉ "አንቺ አንብቢው" ባይ ነው። ሰጠኝ። መነጽሬን አደረግሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ነገ ፎርማል ናይት ነው። ጂንስ አይቻልም። ቁምጣ አይቻልም። የዋና ልብስ አይቻልም። ኮፍያ አይቻልም። ከታች ደግሞ አንዲት መስመር ነበረች፤ "የየአገሩን የባህል ልብስ በደስታ እንቀበላለን" የምትል።

እዚያች ላይ ዝም አልኩ። እንደ ልማዴ ለክብር መስሏቸው ጠበቁኝ።

"ስለ እኛ ልብስ የሚል የለም፣ ሙሽሪት?" አሉ እትዬ። "እኔ አንድ ነገር ይዤ ነበር።" እጃቸው የሻንጣቸው ዚፕ ላይ ነበር።

"የለም፣ እትዬ። እንዲያውም ረዥም የምሽት ልብስ ያልሆነ አይገባም ይላል።"

"ጃኬቱንም?"

"ጃኬቱንም።"

እጃቸውን ከዚፑ ላይ አነሡ። ቀስ አድርገው፣ የሰው ዕቃ እንደነካ ሰው። "ሕግ ከሆነማ ሕግ ነው" አሉ። ታደሰ "እንግዲያው እኔም አልወርድም" ቢል ተቆጡት። "ሃያ አምስት ዓመታችሁ ነው፤ ትወርዳለህ። ደግሞ ነገ ረቡዕ ነው። ላይ ቤት ሽንብራ አይቻለሁ።"

ሳያውቁ በስሕተት፣ ሲያውቁ በድፍረት እንላለን፤ የእኔው ሁለተኛው ነው። ለስንቱ ስንት ደብዳቤ ያነበብኩ፣ የማባረሪያ ወረቀት እንኳ ሳላለሳልስ ያነበብኩ ሴት፣ አንዲት የደስታ መስመር ዋጥኩ።

ረቡዕ ማታ ፍራንክሊንተን ያለች ጓደኛዬ ያዋሰችኝን የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ቀሚስ ለበስኩ። ለእህቷ ሠርግ ሚዜ ሆና የለበሰችው ነው። እሷ ቀጭን ናት። ጀርባዬ ላይ ያለውን ክፍተት ሜላት በአራት መርፌ ቁልፍ ያዘችልኝና እንዳልሳል መከረችኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ሰው ይህን ቀሚስ አይቶት መሆን አለበት።

ሜላት ፎቶ ወረፋ ልትይዝልን ስትሄድ ታደሰና እኔ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጥን። ወዲያው በሩ ተከፍቶ አንድ ትልቅ የአፍሪካ ቤተሰብ ገባ። አባትዬው እስከ መሬት የሚወርድ ጥልፍ ካባ፣ እናትዬው ራሷ ላይ እንደ ዘውድ የተጠቀለለ ቢጫ ሻሽ፣ ልጆቹ በልካቸው ያንኑ። የአዳራሹ ሰው ዘወር ብሎ በአድናቆት አያቸው። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ ወገቡን ሰበር አድርጎ አስገባቸው።

ታደሰ ሹካውን አስቀመጠ። "አይፈቀድም አላልሽም እንዴ?"

"አስቀድመው አስፈቅደው ይሆናል" አልኩ።

አመነኝ። ይኼ ነው ያመመኝ። ቢጠረጥረኝ እከራከረው ነበር፤ በክርክር አልታማም። "እኛም ብናስፈቅድ ኖሮ" ብሎ የእህቱን ባዶ ወንበር አየ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በዚህ ላይ ማሪሴል መጣች። አንድ ክዳን ያለው ሰሃን ይዛ ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠችና "እማማስ?" አለችኝ፤ ቃሏን ከሜላት ለምዳዋለች። ክዳኑን አነሣችው። ምስር ነው፤ ቅቤ ያልነካው፣ በቲማቲም የተሠራ። እትዬ ሰኞ ዕለት በሜላት አፍ ረቡዕ እንደሚጾሙ ነግረዋት ኖሮ፣ ማእድ ቤቱን ለምና ለብቻ አሠርታላቸዋለች።

"ላይ ናቸው፤ እኔ አደርስላቸዋለሁ" አልኩ። ሰሃኑን ይዤ ስነሣ አንዱ መርፌ ቁልፍ ተፈታ። አልቆምኩም።

ቡፌው ጭር ብሏል። ቁምጣ የለበሱ አንድ አባትና ሁለት ልጆች ፒዛ ይበላሉ። በመስኮቱ ጥግ እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። ጃኬቱ የለም። የለበሱት ጥበብ ቀሚስ ነው፤ አዲስ፣ ጥልፉ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ፣ እጥፋቱ እንኳ ገና ያልለቀቀ። ለዚህ ማታ ብለው ከአዲስ አበባ ያስመጡት ነበር። ፊታቸው ጥቂት ሽንብራ አለ። ወደ መርከብ ሳይሆን ወደ ልጅ ምርቃት የመጡ ይመስላሉ፤ ምርቃቱ ግን ሌላ አዳራሽ ነው።

ሰሃኑን አስቀመጥኩ። "እትዬ፣ ያን ወረቀት… በደንብ ሳላየው ነው መሰለኝ ያነበብኩት።"

"ጠዋት ሜላት ከስልኳ አንብባልኛለች" አሉ። ምስሩን በሹካ ቀመሱት። "ጨው አንሶታል።"

ላብ ያዘኝ። ጓደኛዬ ያዋሰችኝን ቀሚስ አበላሸሁት። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? ታዴ ፊት ሚስትህ ዋሸችኝ ልበል? ነገ ያ ሁሉ የሰፈር ሰው ደብዳቤውን ለማን ይዞ ይሂድ?" ሚጥሚጣቸውን ነሰነሱ። "እኔ አንድ ማታ ላይ ቤት ብበላ አልሞትም። ቀሚሱንም ለብሼዋለሁ፤ ባሕሩ አይቶታል። ሂጂ አሁን፣ ፎቶውን ተነሺ። ጀርባሽ ተከፍቷል።"

"አብረን እንውረድ፣ እትዬ። በእግዜር።"

"ዛሬማ አልወርድም" አሉ፤ ድምፃቸው ሳይጠነክር። "ሰው ሲፈልገኝ ነው የምወርደው፤ ሲያፍርብኝ ወይም ሲጸጸት አይደለም።"

ወረድኩ። ፎቶውን ተነሣን። ታደሰ ፍሬም አሠርቶለት ሳሎናችን ውስጥ ሰቅሎታል፤ ሦስት ሰው፣ ግራ በኩል የአንድ ሰው ያህል ክፍተት። ፎቶ አንሺው ተጠጉ ቢለንም ማናችንም አልተጠጋንም። የመጣ እንግዳ ሁሉ "እንዴ፣ እትዬስ?" ይላል። እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ካሉ እሳቸው ይመልሳሉ፤ "ረቡዕ ነበር።" በቃ። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል፣ በጽናታቸው ይገረማል። እኔ ለመጠጥ ዕቃ ወደ ኩሽና እገባለሁ።

ከዚያ ወዲህ ንባቤ ተበላሽቷል። ያለውን ሁሉ ነው የማነበው። የላኪውን አድራሻ፣ የገጹን ቁጥር፣ ከታች ጉንዳን የሚያክለውን ጽሑፍ ሳይቀር። አንዱ የጎረቤት ሰው የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ይዞ መጥቶ የሙዙን ዓይነት ሳይቀር ሳነብለት "እህቴ፣ በቃኝ፣ ሥራ አለኝ" ብሎኝ ሄዷል።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ከፎረስት ፓርክ መጡ። ከሐኪማቸው የመጣ ፖስታ ይዘዋል። ብዙ ሰው ነበር፤ እሳቸው ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ሙሽሪት ታንብብልኝ፤ እንደሷ የሚያነብ የለም" አሉ። መነጽሬን አደረግሁ። ዝም ሳልል፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ አነበብኩላቸው። አንዲት መስመር አልቀረችም።

"ይኸው ነው?" አሉ።

"ይኸው ነው፣ እትዬ።"

"ተባረኪ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝና ወጡ።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየኋቸው። ሜላት ልታደርሳቸው መኪናዋን አስነሥታ ትጠብቃለች። እትዬ ገቡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ ከዚያ ፖስታውን ከቦርሳቸው አውጥተው ለሜላት ሰጧት። ሜላት ማንበብ ጀመረች። እሳቸው ጣታቸውን እያጠፉ፣ እየቆጠሩ ይሰማሉ።

ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ማረጋገጥ ሌላ። አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን አስነብብ ነበር።